በሲባጎ የቆመ ጤፍ

ጥቅምት 19 ቀን 2005 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ

...ታናሽ እህቴ ትርንጎ ልጅ ሳለች፣ የአባታችን ጤፍ በዝናብ ጋሽቦ ሲተኛ ጎንበስ ብላ አገዳውን በጣቷ ትጫን ነበር። ምን ትፈልግ እንደነበር ዛሬም አላውቅም። አሁን የሰብል ተመራማሪ ናት።

ቀትር ላይ ከሙከራ ማሳዋ እያለቀሰች ቤት መጣች። የዘራችው ጤፍ የሕዋሱን ግድግዳ ጠብቆ የሚያቆየው ዘረ-መል ሆን ተብሎ የተበላሸበት ነው። ያለዚያ ዘረ-መል አገዳው ዝናብ ይችል እንደሆነ ለማየት ክረምቱን ሙሉ ለፍታለች። ትናንት ዘነበ፤ ጤፉ ተኛ። ዛሬ ልትለካው ስትሄድ ሁሉም እንጨት ተተክሎለት በሲባጎ ታስሮ ቆሟል። ነገ እንግዶች ስለሚመጡ አለቃዋ አዘው ነው።

«ጌታዬ፣ ጥናቴ እኮ አወዳደቁን መለካት ነው!» ብላቸዋለች።

«እንግዳ ፊት የተኛ ሰብል ያሳፍራል። ይልቅ አመስግኚን!» አሏት።

ማመስገን! የደከመችበትን እውነት አፍነው፣ ምስጋናም ያምራቸዋል።

«ጋሼ፣ ነገ እንግዶቹ ፊት ሲባጎውን ብቆርጠውስ?» አለችኝ።

«እንጀራሽስ?» አልኋት። ፈርቼ ነው።

ከመሳቢያው መቀስ አወጣች። በሩን ዘግታ ወደ ማሳው ሄደች።