አባቴ ሰው ስለመሆኑ ለ«ሰማይ ዳርቻ» አስተዳደር የቀረበ አቤቱታ

ለ«ሰማይ ዳርቻ» የኢንተርኔት የጠፈር ጨዋታ አስተዳደር፣
የተጫዋቾች ሥነ ሥርዓት ክፍል ክቡር የበላይ ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

የአክብሮት ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። የእርስዎ ጤና፣ የቤተሰብዎ ጤና፣ እንዲሁም ለማቀርበው አቤቱታ ሁሉ ሳይታክቱ አንድ ዓይነት መልስ የሚልኩልኝ የኮምፒውተሮችዎ ጤና እንደምን ሰንብቷል? እኛ፣ ከመካከላችን አንዱ ሰው አይደለም ተብሎ በጽሕፈት ቤትዎ ከመወሰኑ በቀር፣ ሁላችንም ደህና ነን።

ጉዳዩ የአባቴ ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ዓይኑ ስለደከመ መንጃ ፈቃዱን ያስረከበ ሰው ነው፤ «ሰው» ማለቴ ውሳኔዎን ለመጋፋት ሳይሆን የአፍ ልማድ ሆኖብኝ ነውና ይቅር ይበሉኝ። እኔ ሴት ልጁ መነጽር ሰሪ ነኝ። ለጎረቤቱም፣ ለመንገደኛውም፣ ለማላውቀው ሁሉ መነጽር እየሠራሁ፣ ለገዛ አባቴ መሪ የሚያስጨብጥ መስታወት መሞረድ አለመቻሌ እስከዛሬ ያንገበግበኛል። መንጃ ፈቃዱን ከመለሰ በኋላ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ በመንገዱ የሚያልፈውን አውቶቡስ በድምፁ እየለየ፣ «የዚህ ፍሬን ሊያልቅ ነው፣ ቢነግሩት ምናለ!» እያለ ከመብሰልሰል በቀር ሥራ አልነበረውም። እናቴም «እኔ ምን ላድርግህ፣ ወርጄ ላስቁመው?» እያለች አብራው ትብሰለሰል ነበር።

ስልክ ጠጋኝ የሆነው ታናሽ ወንድሜ አንድ ቀን መጣና ጨዋታዎን ሳሎን ካለው ትልቁ ቴሌቪዥን ጋር አገናኘለት፤ ከወዳጁ ሱቅም የመኪና መሪ የሚመስል መጫወቻ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ገጠመለት። አባቴም በጨዋታዎ ውስጥ ዕቃ ከአንዱ የጠፈር ጣቢያ ወደ ሌላው የሚያመላልስ የጭነት መንኮራኩር ሹፌር ሆነ። መንኮራኩሯን «ረጋ በሉ» ብሎ ሰየማት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ጺሙን ተላጭቶ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን ሥራ ይሄዳል። እናቴ «ጡረተኛ ነበረኝ፣ ይኸው ደግሞ ሳሎኔ መናኸሪያ ሆነ» ትላለች። ደስ ብሏት ነው የምትለው፤ ደስታዋን በወቀሳ መናገር ልማዷ ነው።

አሁን በጨዋታዎ ውስጥ የሚዞሩት የባዕዳን ፍጡራን ቃኚ መንኮራኩሮች ወደ ታሪኩ ይገባሉ። እርስዎ እንደሚያውቁት፣ ወይም ጽሕፈት ቤትዎ አውቃለሁ እንደሚለው፣ እነዚህ ቃኚዎች ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ከጨለማው ብቅ ይላሉ፤ ወደ አንዱ ተጫዋች ይጠጋሉ፤ ሰማያዊ መብራት አብርተው መንኮራኩሩን ከፊት እስከ ኋላ ይዳብሱና ትንፍሽ ሳይሉ ይጠፋሉ። ምን እንደሚፈልጉ ለጠየቀዎት ሁሉ «ምስጢር ነው፣ ራሳችሁ ድረሱበት» የሚል ጥበብ የሞላበት መልስ ሰጥተዋል። ተጫዋቹም በበኩሉ ጥያቄውን በጥይት መጠየቅ ጀመረ። ቃኚዎቹ ይሸሻሉ፣ ተጫዋቹ ያሳድዳል፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆኖ ቀረ።

አባቴ ግን ገና የመጀመሪያውን ቃኚ ሲያይ ማንነቱን ለየ። ሳይጠሩት የሚመጣ፣ መብራት ይዞ ከፊት እስከ ኋላ የሚያይ፣ ሰላም የማይል፣ ሲጨርስ ዞር ብሎ ሳያመሰግን የሚወርድ ፍጡር ስንት ዓመት አውቶቡሱ ላይ ሲወጣና ሲወርድ አይቷልና፣ «ይኼማ የትኬት ተቆጣጣሪ ነው!» አለ። ወንድሜ «አባዬ፣ ኧረ ባዕድ ፍጡር ነው፣ ተኩስ!» ብሎ ሲጮህ፣ አባቴ «ተቆጣጣሪ ላይ ይተኮሳል እንዴ? አሳዳጊ የበደለህ!» ብሎ ገሠጸው፤ አሳዳጊው ራሱ መሆኑን ለጊዜው ረስቶ ነው። ከዚያም ጣቢያው አጠገብ ጥጉን ይዞ ቆመ፤ ሞተሩን አጠፋ፤ የጭነቱን በር ወለል አድርጎ ከፈተና እጆቹን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ እስኪመረመር ጠበቀ።

ክቡር ሆይ፣ ከሰው ሁሉ የሚሸሸው ቃኚ አልሸሸም። ገብቶ አየ፤ እንደገናም አየ፤ ወጥቶም አልሄደም። በማግሥቱ ከጓደኛው ጋር መጣ። ጥቂት ቆይቶ አባቴ በየጣቢያው ሲቆም ቃኚዎቹ ከኋላው አንድ በአንድ ተሰልፈው ይቆሙ፣ አባቴ የቀረ ሰው እንዳይኖር ሁለት ጊዜ ክላክስ አሰምቶ ሲነሣ እነሱም ይነሡ ጀመር። ወንድሜ ራሱን ይዞ «ጠላትን እያሳፈርክ ነው!» ሲለው፣ «ጠላትም ቢሆን ተራውን ከጠበቀ ምን አደረገኝ?» ነበር መልሱ። እኔ ልጁ፣ አባቴ እንዲያ ሲኮራ ከዚያ በፊት ያየሁት መንጃ ፈቃዱ ኪሱ ውስጥ በነበረ ጊዜ ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ጽሕፈት ቤትዎ የአባቴን አካውንት ያገደው። ስለዚህ ቅሬታዎቼን በቅደም ተከተል ላቅርብ፤

፩ኛ/ በእግድ ማስታወቂያዎ ላይ የአባቴ «ባሕርይ የሰው ባሕርይ እንዳልሆነና በሮቦት የሚነዳ መሆኑ እንደተደረሰበት» ገልጸውልናል። ማስረጃ ተብሎ የተዘረዘረውም በማንም ላይ አለመተኮሱ፣ ለሚቀድመው ሁሉ መንገድ መልቀቁ፣ የሚወርድ ዕቃ በሌለበት ጣቢያ ሳይቀር መቆሙና ሰዓቱን አለማዛነፉ ነው። በጨዋታዎ ውስጥ ሰውነት የሚለካው ሌላውን በመግፋት መሆኑን ቀደም ብሎ የነገረን ቢኖር ኖሮ አባቴን ከልጅነቱ ጀምረን እናሠለጥነው ነበር። አሁን ግን ዕድሜው ገፍቷል፤ ጨዋነቱ የሚለቅ አይመስለንም።

፪ኛ/ በዚያው ሰሞን ታናሽ ወንድሜ ሰላማዊ ነጋዴዎችን በመዝረፉ፣ ቃኚዎችን በማሳደዱና ከላይ እስከ ታች ሁሉን በመሳደቡ ከጽሕፈት ቤትዎ የጀግና ሜዳሊያ ደርሶታል። የእሱ ሰውነት ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አለመጠርጠሩ ቤተሰባችንን በእጅጉ አጽናንቶታል። ከሁለት አንድ ሰው አገኘን ማለት ቀላል አይደለም፤ እግዜር ይስጥልን።

፫ኛ/ እግዱ እንዲነሣ አባቴ ሰው መሆኑን በፈተና እንዲያረጋግጥ ዕድል በመስጠትዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ቤተሰቡ በሙሉ ሳሎን ተሰበሰበ። እናቴ ፈተና የሚቀመጥ ልጅ ያላት ይመስል ነጠላዋን አጣፍታ ከጀርባው ቆመች። ጥያቄው «አውቶቡስ ያለባቸውን ሥዕሎች ይምረጡ» የሚል ነበርና እኔ ጉዳያችን አለቀ ብዬ እፎይ አልሁ። ምነው አፌን በቆረጠው! አባቴ መነጽሩን አስተካክሎ የመጀመሪያውን ሥዕል አየና «ይኼ ሹፌር የለውም፤ ሹፌር የሌለው አውቶቡስ ብረት ነው» ብሎ አለፈው። ሁለተኛው አውቶቡስ መንገድ መሐል በሩን ከፍቶ የቆመ ነበር፤ «እንዲህ የሚያደርገውን አውቶቡስ ነው ብዬ በእጄ አልፈርምም» አለ። እናቴ «አንተ ሰውዬ፣ ንካውና እንገላገል!» ብትለው፣ «ለመገላገል ብዬ ሐሰት ልናገር?» ሲል መለሰላት። ወደቀ።

በቸርነትዎ ሁለተኛ ፈተና ላኩለት። ይህኛው «የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ይምረጡ» ይላል። የትራፊክ መብራትማ ምን ያከራክራል? ሁላችንም «ይኸው፣ ይኸው፣ ንካው!» እያልን ጮኽን። አባቴ ጣቱን ወደ ሥዕሉ ሰዶ ሲያበቃ መልሶ ሰበሰበና ቁጭ አለ። «ምነው አባዬ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «በቀይ?» አለኝ። መብራቱ አረንጓዴ እስኪሆን ሲጠብቅ የፈተናው ጊዜ አለቀበት። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ምክንያት የሚወድቅ ሮቦት ካለዎት እባክዎ ያስተዋውቁን፤ ከአባቴ ጋር በደንብ የሚግባባ ይመስለኛል።

፬ኛ/ አቤት ባልሁ ቁጥር «ውድ ተጫዋች፣ ስሜትዎን እንረዳለን» የሚል መልስ በቅጽበት ይደርሰኛል። ስሜቴን ለመረዳት ይህን ያህል የሚፈጥን ፍጡር በሕይወቴ አልገጠመኝም፤ እናቴ እንኳ ጊዜ ይወስድባታል። በመጨረሻው መልስዎ ላይ ደግሞ ቃኚዎቹ ጠባያቸው የተበላሸው አባቴ ስላስለመዳቸው እንደሆነ ተጽፎ አነበብሁ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው፤ ምስጢራቸውን እናንተው ያልፈታችሁት ፍጡራን ሰልፍ መያዝ ቢማሩ ጥፋቱ የአስተማሪው ሆነ።

የቀልዱን ነገር እዚህ ላይ ላቁምና አንድ ነገር በግልጽ ልንገርዎ። አባቴ ከታገደ ወዲህ ጺሙን አይላጭም። መስኮቱ አጠገብ ወዳለው ወንበሩ ተመልሷል፤ አውቶቡስ ሲያልፍ ግን ዝም ይላል፤ የማንንም ፍሬን አይወቅስም። ይህ ዝምታው አስፈርቶኛል። የምለምንዎ ስለ መጫወቻ አይደለም፤ አባቴ ጠዋት የሚነሣበት ምክንያት እንዲመለስለት ነው።

ከትናንት ወዲያ «ልጄ፣ እነዚያ ልጆች እንዴት ሆኑ? ማን ይዟቸው ይሄዳል?» ብሎ ጠየቀኝ። ቃኚዎቹን ማለቱ ነው። በወንድሜ አካውንት ገብቼ አየሁ። አባቴ ጠዋት ጠዋት ይነሣበት ከነበረው ጣቢያ ደጃፍ መብራታቸውን አጥፍተው፣ አንዱ ካንዱ ኋላ ተሰልፈው ቆመዋል። ከፊታቸው የአንድ የጭነት መንኮራኩር ቦታ ክፍት ትተዋል። ተጫዋቾች እየመጡ ይተኩሱባቸዋል፤ እንደ ዱሮው አይሸሹም። አንዱ ሲመታ ከኋላው ያለው ጠጋ ብሎ ቦታውን ይሞላል። እኔ ትልቅ ሴት፣ ለሰው ዓይን መነጽር የምሠራ፣ በጨዋታ አለቀስሁ። ለአባቴ ስለ ተኩሱ አልነገርሁትም፤ «ተሰልፈው እየጠበቁ ነው» ብቻ አልሁት። «ታዲያ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?» አለና ጫማውን መፈለግ ጀመረ። የት ሊሄድ እንደሆነ እሱም አላወቀም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ከብዙ ሥራዎ መካከል ጥቂት ጊዜ ፈልገው፣ በኮምፒውተር ሳይሆን በገዛ ዓይንዎ፣ የአባቴን ጉዳይ እንዲመለከቱልኝ እማጸናለሁ። ዓይንዎ የሚያስቸግርዎ ከሆነም ወደ መሥሪያ ቤቴ ብቅ ይበሉ፤ በየቦታው ሮቦት እያየ የሰውን ፊት የሳተ ዓይን ብዙ ጊዜ አጋጥሞኝ ያውቃል ብል ውሸት ይሆንብኛል፣ ግን የተቻለኝን አደርጋለሁ።

የሥልጣን ዘመንዎ ይርዘም፣ ወንበርዎ አይነቃነቅ፣ ማንም ሰው መሆንዎን እንዲያረጋግጡ አይጠይቅዎ እያልሁ፣

ሰው መሆኗ እስከዚህች ሰዓት ያልተጠረጠረ፣
የሮቦት ልጅ፣ የሜዳሊያ ተሸላሚ እኅት፣
ትሑት አመልካችዎ፣
መነጽር ሰሪዋ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ልለጥፈው ስል ከጽሕፈት ቤትዎ አዲስ ማስታወቂያ ወጣ። ቃኚዎቹ በዚያ ጣቢያ ለምን እንደተሰለፉ የእናንተም ባለሙያዎች ግራ ስለተጋቡ፣ ምን እየጠበቁ እንደሆነ ላስረዳ ተጫዋች የክብር ማዕረግ እንደሚሰጥ ይናገራል። ለአባቴ ሳነብለት ከታገደ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ «ይኼም ይጠየቃል እንዴ?» አለ። መልሱን እንዲጽፍ መሪውን ትቼ ኪቦርዱን ሳቀርብለት ግን ግርጌው ላይ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አየሁ፤ ውድድሩ ሰው መሆናቸውን ላረጋገጡ ብቻ ክፍት ነው።