እጅ ሁሉ የተነሣበት ክፍል

ለክቡር የከተማችን የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ካሉበት ድረስ እጅ እነሣለሁ። ክቡርነትዎ፣ መላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ያ የሚሽከረከረው ወንበርዎ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ከመደንዘዜ በቀር ደህና ነኝ፤ መደንዘዝም ከበሽታ ስለማይቆጠር የሕክምና ፈቃድ አልጠይቅምና አይስጉ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍኩት በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው ስላልተከፈቱ ነው እንጂ ክቡርነትዎን በአደባባይ ላስቸግር አስቤ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።

ማን እንደሆንኩ ላስታውስዎ። ለረጅም ዘመን ጂኦግራፊ ያስተማርኩ፣ ተማሪዎች «ካርታ» የሚል ስም ያወጡልኝ መምህር ነኝ። የከተማችን የእንግሊዝኛ መምህራን አንድ በአንድ ሆቴልና የጉዞ ወኪል ቤት እየገቡ ሲያልቁ፣ ክቡርነትዎ የጂኦግራፊ መምህራን ከሚፈለገው በላይ መብዛታችንን ደረሱበትና ማታ ተራራና ወንዝ ሳስተምር ያመሸሁት ሰውዬ ጠዋት የእንግሊዝኛ መምህር ሆኜ ተነሣሁ። ለአፍ ዳገት የለውም ብለው ይሆናል። ስለዚህ ሹመት ያለኝን ምስጋና ጊዜዎን እንዳልሻማ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ሥልጠናው አመሰግናለሁ። ርእሱ ተማሪን እንዴት እናናግር የሚል ነበር፤ አሠልጣኙም ጀርባቸውን ሰጥተውን ግድግዳው ላይ የበራውን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር አነበቡልን። ጥያቄ ያለው ለመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ያቆየው ተባልን፤ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ደግሞ የእርስዎ የመዝጊያ ንግግር ሆነ። መብራት ሲሄድ አሠልጣኙ ዝም ይላሉ፣ እኛም ዝም እንላለን፤ ሲመጣ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ስንወጣ አጠገቤ ተቀምጣ የነበረች፣ እንደ እኔው ወደ እንግሊዝኛ የተዛወረች የሒሳብ መምህርት ሰው ማናገርን በዝምታ ተምረን ጨረስን ስትል ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ መደንዘዙ ያኔ ሳይጀማምረኝ አልቀረም።

፪. ስለ መመዘኛው ቅለት አመሰግናለሁ። የእንግሊዝኛ መምህርነት ፈቃድ የሚሰጠው ተቆጣጣሪዎ አንድ ትምህርት አይተው እንደሆነና ዋናው ነጥብም «ተሳትፎ»፣ ማለትም መምህሩ ሲጠይቅ የሚነሣው እጅ ብዛት እንደሆነ ተነገረን። ርዕሰ መምህራችን መላ የማያጡ ሰው ናቸው፤ ተማሪዎቹን ሰብስበው፣ ጥያቄ በተጠየቀ ቁጥር ሁላችሁም እጃችሁን አንሡ፣ መልሱን የሚያውቅ ቀኙን፣ የማያውቅ ግራውን፤ መምህሩ ቀኝ ካነሡት መካከል ብቻ ይጠራል ብለው መከሯቸው። ልጆቹ ከዚያ በፊት እንዲህ ፈጥነው የተማሩት ነገር ትዝ አይለኝም። እኔም እሺ አልኩ፤ በነገሩ እጄ አለበት።

፫. ስለ ተቆጣጣሪዎ ትጋት አመሰግናለሁ፤ እዚህ ላይ ግን ትንሽ ስለማረዝም ይቅርታ ያድርጉልኝ።

በመስኮቱ በኩል፣ መስተዋቱ ተሰብሮ በካርቶን የተደፈነው ሥር የምትቀመጥ አንዲት ልጅ አለች። ግራኝ ናት። ስትጽፍ እጇ የጻፈችውን እየጠረገ ስለሚሄድ የመዳፏ ጠርዝ ሁልጊዜ በቀለም ሰማያዊ ነው፤ ልጆቹም «ቀለም» ይሏታል። ከክፍሉ ሁሉ እንግሊዝኛ የሚገባት እሷ ናት። ሌሎቹ ልጆች ከእኔ ጋር ቢውሉ ምናልባት እኩል እንማራለን፤ እሷ ግን ከእኔ ማምለጥ የሚገባት ልጅ ነበረች። ማምለጫውም ቅርብ ነበር፤ ሆቴል ያልገቡት አንድ አዛውንት የእንግሊዝኛ መምህራችን የሚያስተምሩበት፣ ጎበዞቹ ተለይተው የሚገቡበት ከፍተኛው ክፍል ከእኛ ግድግዳ ቀጥሎ ነው፣ ወደዚያ የሚሻገሩትንም ልጆች ተቆጣጣሪዎ በዚያው ቀን፣ በዚያው ትምህርት መርጠው እንዲሄዱ ክቡርነትዎ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ አስበው ነበር።

ተቆጣጣሪዎ ከኋላ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ጠየቅኩ፤ እጅ ሁሉ ተነሣ። ቀለምም መልሱን ስለምታውቅ እንደ ወትሮዋ ግራዋን አነሣች። ምክሩን ንቃ አይደለም፤ ዕድሜዋን ሙሉ እጅሽን አንሺ ስትባል የምታነሣው እሱን ነው። እኔ ደግሞ እዚያ የቆምኩት ልፈተን ነውና፣ የሚፈተን ሰው ቀኝና ግራ እንጂ ልጅ አይታየውም። ግራ አየሁ፣ አለፍኩ። እንደገና ጠየቅኩ፣ ግራ አየሁ፣ አለፍኩ። ትምህርቱ እስኪያልቅ እጇን አላወረደችም፤ ወደ ማብቂያው ግድም ክንዷ ሲዝልባት በሌላው እጇ ደግፋ ያዘችው። እኔ ፈቃዴን በ«እጅግ በጣም ጥሩ» አገኘሁ፤ የመለሱት ልጆች ወደ ከፍተኛው ክፍል ተሻገሩ፤ ቀለም ከእኔ ጋር ቀረች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው።

፬. ስለ ምላሽዎ ጥራት አመሰግናለሁ። ቢሮዎ ድረስ መጥቼ፣ ፈቃዴን ውሰዱትና ልጅቷን አንድ ሰው አጠገቧ ተቀምጦ በአፏ ይጠይቃት ብዬ ለመንኩ። በጸሐፊዎ በኩል የደረሰኝ መልስ፣ ልጅቷ ደጋግማ እጇን ስታነሣ መታየቷን፣ ሆኖም «እጅግ በጣም ጥሩ» የተባለ መምህር አንድም ጊዜ ሳይጠራት መቅረቱን፣ ይህም መምህሩ እንደማታውቅ ስለተረዳ መሆኑን ያስረዳል። በገዛ ምስክርነቴ ተረትቼ ተመለስኩ። ስለ ቀኝና ግራው ምክርም በዝርዝር ጽፌ ነበር፤ እሱን ያነበበ ያለ አይመስለኝም፤ ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ።

፭. ትምህርታችን ለሌሎች አርአያ ነው ስለተባለም አመሰግናለሁ። ተቆጣጣሪ ሳይነገረን ሊመጣ ይችላል በሚል ርዕሰ መምህራችን የእጁን ደንብ የዘወትር አድርገውታልና።

የልጅቷ እናት ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሜትሩን ከአንገታቸው ሳያወርዱ ከሥራ መጡ። እኔ ስሰፋ ልጄ እንግሊዝኛውን ጮክ ብላ ታነብልኛለች፣ ባይገባኝም ማሽኑን አቁሜ ነው የምሰማት፣ እባክህ መምህር ምን አጥፍታ ነው አሉኝ። ደንቡን አስረዳኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ የሚፈለገው የቱ እጅ ነው ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ቀኝ ነው አልኳቸው።

በማግሥቱ ልጅቷ ቀኝ እጇ አንጓ ላይ ከቁራጭ የተቀደደ ቀይ ጨርቅ ታስሮላት መጣች። አሁን ክፍል ውስጥ ግራ መዳፏን ከሥሯ አድርጋ ትቀመጥበታለች። ጥያቄ ስጠይቅ መጀመሪያ ጨርቁን ታያለች፣ ከዚያ ያንን እጅ ታነሣለች፤ እጇን እስክትፈልግ ሌላው መልሶ ይጨርሳል። ሰሞኑን ጭራሽ ማንሣቱንም ትታዋለች። መጻፉንም በቀኟ ጀምራለች፤ የመዳፏ ጠርዝ ሰማያዊነቱ ለቆ ነጥቷል። ልጆቹ ግን አሁንም ቀለም ይሏታል።

በዚህ ሁሉ መናደድ እንደሚገባኝ አውቃለሁ፤ ቢመጣልኝ እንዴት ደስ ባለኝ። አይመጣም። ደወል ሲደወል እገባለሁ፣ ሲደወል እወጣለሁ። ባለቤቴ እንዴት ዋልክ ስትለኝ ደህና እላታለሁ፤ እሷም ሳታምነኝ እራት ታቀርባለች። ሆድ ይፍጀው እንዳልል እንኳ ሆዴ ውስጥ የሚፋጅ ነገር የለም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ልጅቷ ጨርቁን ስታይ ሳያት፣ ጠመኔውን አስቀምጬ ወደ እሷ ሁለት እርምጃ ሄጄ ነበር፤ ከዚያ ተመልሼ ጠመኔውን አነሣሁ።

ስለዚህ አሁንም የምለምነው ያንኑ ነው። አንድ ሰው ይላኩ፤ ከልጅቷ አጠገብ ይቀመጥ፤ በእንግሊዝኛ እንደምን ዋልሽ ይበላት። እጇን እንድታነሣ ግን አይጠይቃት። ሰው ከጠፋ እርስዎ ይምጡ፤ ወንበርዎንም መንገዱ አይከብደውም፤ ክፍላችን ምድር ቤት ነው።

ለተደረገልኝ ሁሉ ውለታዎን የምከፍልበት ቋንቋ ስላጣሁ፣ በሁለቱም ቋንቋ ዝም እላለሁ።

የቀድሞው የጂኦግራፊ፣ የአሁኑ የእንግሊዝኛ፣ ነገ ደግሞ ክቡርነትዎ የሚመርጡልኝ ትምህርት መምህር፣
ታዛዥዎ «ካርታ»

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው በአዳራሹ ሰብስበውን፣ ይህ የማስተማር ዘዴ በከተማው ትምህርት ቤቶች ሁሉ እንዲሠራበት የምትስማሙ እጃችሁን አንሡ ሲሉን የመምህሩ እጅ በሙሉ ተነሥቶ ነበር። «በሙሉ ድምፅ» ተብሎ ተጻፈ፣ ክቡርነትዎም ተደስተው እጃችንን እንዳነሣን ፎቶ አስነሡን። ቀድሞ የመከረን ሰው አልነበረም። አሁን የእጁን ደንብ ስላወቁት ፎቶውን እስቲ እንደገና ይመልከቱልኝ። አቅጣጫ ማሳየት የድሮ ሙያዬ ነውና እንዳያሳስትዎ ልንገርዎ፤ ፊት ለፊት ስለተነሣን ግራችን የሚታይዎ በእርስዎ ቀኝ በኩል ነው። ርዕሰ መምህራችን ሁለቱንም አንሥተዋል፤ እሳቸውን ይተዋቸው። ፎቶውን ፍለጋ ሩቅ አይሂዱ፤ በትልቁ ታትሞ ከወንበርዎ ኋላ ተሰቅሏል። ባለጉዳይ ሁሉ ሲገባ ያየዋል፤ ጀርባዎን የሰጡት እርስዎ ብቻ ነዎት።