«ጨው እያየ ነው» የተባልሽበት ቀን

ይድረስ ላሳደገችኝ እህቴ ለእትዬ እናትነሽ፣ ደብረ ብርሃን።

እንደምን ከርመሻል፣ እትዬ? ጉልበትሽ ክረምቱን እንዴት ቻለው? ጋሽ ግርማስ ያ ሳል ለቀቃቸው ወይስ አሁንም «ትቻለሁ» እያሉ ሲጋራውን ከጓሮ ነው የሚያጨሱት? ልጃችሁ ማዕረግ ፈተናዋን አለፈች ወይ? ላሚቱስ ወለደች? እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነን። ዘመን መለወጫውንም መስቀሉንም ሮተርዳም ቤተ ክርስቲያናችን ሄደን አክብረናል። ደመራችን እንደ ወትሮው ለእሳት አደጋ ሰዎች ሲባል የተለካች፣ ቁመቷ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ነበረች። ቢሆንም ሽማግሌዎቹ በየት በኩል እንደወደቀች ሲከራከሩ ነው የዋሉት።

ደብዳቤውን የያዘልሽ አድማሴ ይባላል፤ ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ አብረን ነው የምንሠራው። ደህና ሰው ነው፣ ግን ሳይበላ «ጠግቤያለሁ» ማለት ልማዱ ነውና እንዳታምኚው። «በየሳምንቱ በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ ምን አመጣው?» እንደምትዪ አውቃለሁ። በስልክ አልሆነልኝም። የዛሬ ወር «ቦሊቪያ ድረስ የሄደ ሰው ደብረ ብርሃን መምጣት እንዴት ያቅተዋል? የማንም አገር ጨው ከእኛ በለጠብህ?» ብለሽ ስትጠይቂኝ ስልኩ ተቋረጠ፤ በኋላም ኔትወርክ ነው አልኩሽ። ኔትወርኩ ምንም አልሆነም ነበር፣ እትዬ። የዘጋሁት እኔ ነኝ።

አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ያልመጣሁት ወረቀት አጥቼ አይደለም። ወረቀቱን ካገኘሁ አሥራ አራት ዓመት አልፎኛል። ያልመጣሁት በእማዬ ሞት ስለተቀየምኩሽ ነው። ይኸው፣ ጻፍኩት። እማዬ ጥቅምት ላይ አርፋ እኔ የሰማሁት ግንቦት ነው። በእነዚያ ሰባት ወራት ከስደተኞች ካምፕ በደወልኩ ቁጥር «እማዬን አገናኚኝ» ስልሽ አንዴ ጸበል፣ አንዴ ማኅበር፣ አንዴ ገጠር ለቅሶ ሄዳለች ትዪኝ ነበር። በመጨረሻም «እሺ፣ እማዬን ሳሚልኝ» እልሻለሁ፤ አንቺም «እሺ» ትያለሽ። አንድ ቀን እንዲያውም «ደህና አድርገህ ልበስ፣ የዚያ አገር ብርድ ክፉ ነው ትልሃለች» አልሽኝና እኔ ሞኙ በማግስቱ ካፖርት ፍለጋ ወጣሁ።

ከዚያ አንድ ማለዳ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ፈቃደ ሦስት ሰዎች አስከትለው ከሮተርዳም ካምፑ ድረስ መጡ። አራት ሐበሻ ገና ሳይነጋ ጥቁር ለብሶ በር ላይ ሲቆም ምን ይዞ እንደመጣ ማን ይጠፋዋል? ጋሽ ፈቃደ ሊያጽናኑኝ ብለው ያንቺን ቃል ነገሩኝ። «እህትህ ናት አትንገሩት ያለችን። ብቻውን ነው፣ ከሩቅ ሆኖ ምን ያደርጋል? ለጊዜው እንኳ ተኝቶ ይደር አለች» አሉኝ። እኔን ያቃጠለኝ ደግሞ እሱ ነው። ሰው እናቱ ሞታ ሰባት ወር ተኝቶ ያድራል? ሰው ሁሉ አልቅሶ ከጨረሰ በኋላ መጥቼ ምን ላደርግ ነው አልኩ። ከዚያ ወዲህ አንቺም አላነሳሽው፣ እኔም አላነሳሁት። በየእሑዱ ስለ ዝናብና ስለ ላም እናወራለን።

አሁን ወደ ጨውሽ ልመለስ፤ ነገሩ የሚገናኘው እዚያ ነው።

መጀመሪያ የቦርሳውን ነገር ላስረዳ። ሐምራዊትና እኔ ትልልቅ ቦርሳ አዝለን የተነሳነውን ፎቶ ስልክልሽ «ምነው፣ ቤት አጥተው ነው እንዴ?» ብለሽ እንቅልፍ እንዳጣሽ ማዕረግ ነግራኛለች። ቤታችን አለ፤ ቭላርዲንገን፣ ሦስተኛ ፎቅ። እዚህ አገር ሰው ሲደላው ጓዙን በጀርባው አዝሎ ከአገር አገር መንከራተት ይወዳል። እኔም መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። የሱዳንን በረሃ በእግሬ የቆረጥኩ ሰው ለመዝናናት ብዬ ሸክም ልሸከም? ሚስቴን ግን ታውቂያታለሽ። በስድስት ዓመቷ መጥታ ዴን ሃግ ያደገች ናት፤ እዚያው በምትሠራበት ቢሮ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ ላይ ያንን ነጭ የጨው ሜዳ ካየች ጀምሮ ሦስት ዓመት ነዘነዘችኝ። በአራተኛው እሺ አልኩ። ስኪፖል አሥራ አንድ ዓመት የሰው ሻንጣ ስጭን ኖሬ፣ የራሴ ቦርሳ ከሰው ሻንጣ ጋር እየዞረ ሲመጣ ያየሁት ቦሊቪያ፣ ላ ፓዝ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ደስ ስላለኝ አንድ ዙር እንዲዞር ተውኩት።

ከመሄዳችን በፊት ክትባት የሰጠችን ነርስ፣ ከፍታው ሰው ስለሚያሳምም የምትወስዱት ኪኒን ይኸውላችሁ ብላን ነበር። ሳቅኩባት። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፣ ወደ ሦስት ሺህ ሜትር ላይ ነው እትብቴ የተቀበረው፣ ለደጋ ሰው ደጋ ምን ይሆናል ብዬ ድርሻዬን ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ ጥዬው ሄድኩ። ሐምራዊት የእሷን ዋጠች። ላ ፓዝ ስንደርስም ለእንግዳ ሁሉ የቅጠል ሻይ ይሰጣሉ፤ ሠራተኛውና ሾፌሩ ደግሞ ያንኑ ቅጠል ሲያኝከው ይውላል፣ ለራስ ምታት ነው ይላሉ። ጉንጫቸው አብጦ ሳይ በቃ፣ ጫት ነው አልኩ። «የእኛ ቤት ልጅ ቅጠል አይቅምም» ብዬ ኩባያውን መለስኩት። ሐምራዊት «ሻይ እኮ ነው!» ብላ የእኔንም ጨምራ ጠጣችው።

አገሩስ ገርሞኛል፣ እትዬ። ገብሱ የእኛ ገብስ፣ ድንቹ የእኛ ድንች፣ ብርዱም የእኛው ብርድ ነው። ሴቶቹ መንገድ እየሄዱ በእንዝርት ሱፍ ይፈትላሉ፤ ብርድ ልብሳቸው ቁርጥ የመንዝ ባና ነው። ከእኛ የሌለው ላማ የሚሉት፣ በግ ይሁን ግመል ያልለየለት፣ ሰው ሲያይ ኩራት ኩራት የሚለው እንስሳ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ሳይ በሆዴ «በቃ፣ አገሬን እንዳየሁ ይቆጠርልኝ» አልኩ። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

ጨው ሜዳውን የዞርነው ዶን ኤሎይ በሚባሉ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው መኪና ነው፤ «ዶን» የእነሱ «ጋሽ» መሆኑ ነው። ግማሽ ቀን ሙሉ ብትነጂ ነጭ ነው፤ ዛፍ የለ፣ ቤት የለ፣ ተራራው በሩቅ ነው። ያደርንበት ቤት ግድግዳው፣ አልጋው፣ ጠረጴዛውም ሳይቀር እንደ ጡብ ከተጠረበ ጨው የተሠራ ነው። ማንም ሳያየኝ ግድግዳውን ላስኩት፤ እውነትም ጨው ነው። ጋሽ ግርማ ሁልጊዜ «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይወረውሩሃል» የሚሉት ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅኩ። ያን ቀን ራሴን ያመኝ ነበር። ከመኪናው መንገጫገጭ ነው አልኳት ለሐምራዊት።

በማግስቱ ከጨው ሜዳው ወጥተን ወደ ላይ፣ ቀይ ውኃ ያለባቸው ሐይቆች ወዳሉበት ወጣን። ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከመኪናው ወርጄ አሥር እርምጃ ሳልራመድ ጉልበቴ ከዳኝ። ያለኝን ሁሉ አስመለስኩ፣ ትንፋሽ አጠረኝ፣ ከንፈሬ ጠቆረ አለች ሐምራዊት። ዶን ኤሎይ ጎትተው መኪናው ውስጥ አስገቡኝና በመንገዳችን ላይ ያለች ትንሽ መንደር ውስጥ አንዲት ባልቴት ቤት አስተኙኝ። መንገድ ላይ የተነፈሰውን የመኪናውን ጎማ አስተካክለው ወደ ቆላ እስኪያወርዱኝ የኦክስጅን ጠርሙስ አምጥተው ጭንብሉን አፌና አፍንጫዬ ላይ አደረጉልኝ። ባልቴቷ ሁለት ባና ደራርበውልኝ ከእግርጌዬ ተቀምጠው ይፈትሉ ነበር። የደጋው ልጅ እንግዲህ ይኸው። ለካ ሰው ከባሕር ጠለል በታች ባለ ከተማ ይህን ያህል ዓመት ከኖረ ደጋነቱን ሐሳቡ እንጂ ደሙ አያስታውሰውም።

እሑድ ነበር። እዚያ ረፋድ ነው፣ እናንተ ጋ ሊመሽ ነው። በመንደሯ አንድ የስልክ ምሰሶ ነበረና የሐምራዊት ስልክ ጮኸ። አንቺ ነሽ። እሷ ስልኩን ይዛ አየችኝ፤ እኔ በእጄ፣ በዓይኔ፣ በቀረኝ ትንፋሽ ሁሉ «እንዳትነግሪያት» አልኩ። ውሸት የማትችል ሴት ናት፤ እዚህ ያደገ ሰው ሁሉን ፊት ለፊት ነው የሚናገረው። እንደ ልማዷ እትዬም ሳትል «ሃይ እናትነሽ» አለችሽ። ወንድሜስ ብትያት ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ «እሱ... ጨው እያየ ነው» አለች። ያኔ ሳቅሽ። «እስኪጠግብ ይየው፣ ሲመለስ ጨው አነሰው ብሎ ወጥ እንዳይጥል ንገሪው» ስትዪ ባናው ውስጥ ሆኜ ሰማሁሽ። ጨው የሚባል ነገር በአጠገባችን አልነበረም።

ሐምራዊት ስልኩን ዘግታ ጮኸችብኝ። «ለምን ታስዋሸኛለህ? አንድ ነገር ብትሆን እሷን ምን ልላት ነው?» አለች፤ ከዚያም አለቀሰች። የኦክስጅኑን ጭንብል ከአፌ አንስቼ «ከሩቅ ሆና ምን ታደርጋለች? ዛሬን እንኳ ተኝታ ትደር» አልኳት።

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ያንቺው ቃል ነው፣ እትዬ። ጋሽ ፈቃደ ያን ማለዳ ካምፑ በር ላይ የነገሩኝ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ቂም የያዝኩበት ቃል። እሱው ራሱ ከእኔ አፍ ወጣ፤ ስናገረውም በክፋት አልነበረም። ስለምወድሽ ነው። እዚያው አለቀስኩ። ባልቴቷ የደከመኝ መስሏቸው ሦስተኛ ባና ጨመሩልኝ።

ከሰዓት በኋላ ዶን ኤሎይ ወደ ታች አወረዱኝ፤ ዝቅ ባልን ቁጥር ትንፋሼ እየተመለሰ በሁለት ቀን ተሻለኝ። ሐኪምም አይቶኛል፣ ሳንባዬ ንጹሕ ነው። ይህን ስታነቢ ከደነገጥሽ ከላይ «ደህና ነን» ያልኩትን ደግመሽ አንብቢው፤ እውነት ነው። የደበቅኩሽ ሁለት ወር ነው፤ አንቺ ሰባት ወር ደብቀሽኛልና ገና አምስት ወር ዕዳ አለብሽ።

ቀልዱ ይቅር። ሐምራዊት ለአንድ ደቂቃ መዋሸት አቅቷት እንዴት እንደተንቀጠቀጠች አይቻለሁ። አንቺ እማዬን ቀብረሽ፣ ስልኩ በጮኸ ቁጥር እንባሽን ጠርገሽ፣ ድምፅሽን አስተካክለሽ፣ በሌለችው እናት ፈንታ መልካም ቃል እየፈለግሽ ሰባት ወር ቻልሽው። ያንን ካፖርት ግዛ ያልሽኝ አንቺ ነበርሽ። እኔ ደግሞ አሥራ ስድስት ዓመት ቀጣሁሽ፤ ለምን እንደምትቀጪ እንኳ ሳልነግርሽ። ይቅር በዪኝ፣ እህቴ።

ለገና እንመጣለን። ቲኬቱ ተቆርጧል፤ ታኅሣሥ ሃያ ቦሌ እንደርሳለን፣ በማግስቱ ደብረ ብርሃን ነን። አንድ ነገር ብቻ አደራ። የመጣሁ ቀን ዕልል እንዳትሉ፣ ድግሱም ለገና ይቆይ። እኔ ለቅሶ ልደርስ ነው የምመጣው፤ እንደ ማንኛውም ለቅሶ ደራሽ ቁጠሩኝ። አንቺ ከጎኔ ተቀመጪና የመጨረሻ ቀኗን ከጠዋቱ ጀምረሽ ንገሪኝ። ምን ቀመሰች፣ ማንን ጠራች፣ እኔን ጠየቀች ወይ። ክፉም ቢሆን እንዳትደብቂኝ። ሐምራዊት እንዲህ ዓይነት ለቅሶ አይታ አታውቅም፤ ትደነግጥ ይሆናልና ማዕረግ ከአጠገቧ አትራቅ። አንቺ ብላ ብትጠራሽም አትቀየሚያት፤ እትዬ ማለትን እያስተማርኳት ነው፣ እስካሁን ጋሽንና እትዬን ታምታታለች።

ጋሽ ግርማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ሲጋራውን ከጓሮ እንደሚያጨሱ እንደማውቅም ንገሪያቸው። ማዕረግን ጎበዝ በያት፤ አጎትሽ በጀርባ የሚታዘል ቦርሳ ገዝቶልሻል በያት፣ ለትምህርት ቤት ነው፣ ለስደት አይደለም። ለጎረቤታችን ለእማሆይ አበባይሽ ጸሎታቸው ቦሊቪያ ድረስ እንደደረሰ አስረጂልኝ። አድማሴ ትንሽ የጨው ድንጋይ ይሰጥሻል፤ ለላሚቱ ነው፣ ከወለደች ትላሰው።

እማዬን ሳሚልኝ አልልሽም። መቃብሯን ራሴ መጥቼ እስማለሁ።

ወንድምሽ መልአኩ
ቭላርዲንገን፣ መስከረም 19 ቀን 2018 ዓ.ም.