«ያልመጣውን ሰው ቁጠሩ» ላሉን መምህሬ

ለተከበሩ የጤና ኢኮኖሚክስ ጥናት ተቋም ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለከበረ ጤንነትዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ይህን የምጠይቀው፣ ደብዳቤ በሰላምታ መጀመር ስላለበት ብቻ አይደለም፤ ስለ ጤናዎ፣ በተለይም ስለ ደም ግፊትዎ፣ የምጨነቅበት የራሴ ምክንያት አለኝ፤ እሱን ግን መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። ቤተሰብዎም፣ ከቢሮዎ መስኮት ሥር ያሉት ጽጌረዳዎችም፣ እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚከፈተው የስብሰባ አዳራሽም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከሥራ ብዛት ዘንግተውኝ ከሆነ ራሴን ላስታውስዎ። ሁለተኛ ዲግሪዬን በእርስዎ አማካሪነት የጨረስኩት፣ ከዚያም ጀማሪ ተመራማሪ ተብዬ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ጠረጴዛ የተሰጠኝ እኔ ነኝ። የመጀመሪያ ዲግሪዬን በኢኮኖሚክስ ስማር ሐሳቤ ሁሉ ባንክ ቤት መቀጠር ነበር። አንድ ቀን እርስዎ እንግዳ መምህር ሆነው ክፍላችን ገቡና ሰሌዳው ላይ «ያልመጣውን ሰው ቁጠሩ» ብለው ጻፉ። ሐኪም ፊት የቀረበውን ማንም ይቆጥረዋል፤ የጤና ኢኮኖሚስት ሥራው ሊታከም ፈልጎ የቀረውን፣ መጥቶም ሳይታይ የተመለሰውን ፈልጎ ማግኘት ነው ብለው ሲያስረዱን፣ ደብተሬ ላይ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። የባንኩ ነገር በዚያው ቀረ። እንግዲህ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልዎ ሰው የራስዎ የእጅ ሥራ ነውና እንኳን ደስ አለዎት።

ቅሬታዎቼን ቁጥር ሰጥቻቸዋለሁ፤ ቁጥር የሌለውን ነገር እንደማያዩ በቅርቡ ስለተረዳሁ ነው።

፩ኛ. ስለ ድንጋዮቹ። ባደግኩበት ሰፈር ጤና ጣቢያ፣ ለደም ግፊትና ለስኳር ሕመምተኞች ከሰዓት በኋላ ለሚሰጠው ክትትል ሕዝቡ ከረፋዱ ጀምሮ ወረፋ የሚይዘው በዕቃ ነው። አንዱ ድንጋይ፣ አንዱ ባዶ ጀሪካን፣ አንዷ ያረጀ ነጠላ ጫማዋን በተራ ታስቀምጥና ወደ ሥራዋ ሄዳ ካርድ ክፍሉ ሲከፈት ትመለሳለች። በትእዛዝዎ መሠረት ሦስት ወር ሙሉ እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰውንም ዕቃውንም ቆጠርኩ። ነርሷ አንድ ብቻ ስለሆነች፣ ከሚመጡት መቶ ሰዎች ሠላሳ አራቱ ካርድ ሳያወጡ ይመለሳሉ። ይህንን «ካርድ ሳያወጡ የተመለሱ» በሚል ርእስ ምዕራፍ አራት አድርጌ ጻፍኩና አንዲት ነርስ ትጨመር ብዬ ደመደምኩ። እርስዎም ረቂቁ ጠርዝ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ግሩም!» ብለውበታል። ወረቀቱ እስካሁን እኔ ዘንድ አለ፤ ቃለ አጋኖው ሳይቀር።

፪ኛ. ጥናቱ ታትሞ ሲወጣ ከሦስተኛው ምዕራፍ ቀጥሎ የመጣው አምስተኛው ነበር። በቀረው ሰነድ ውስጥ የተቆጠረው ካርድ ብቻ ስለሆነና ካርድ ያወጣው ሰው ካምናው ስላነሰ፣ «የከሰዓት አገልግሎት ፈላጊው ቀንሷል፤ ይህም የማኅበረሰቡ ጤንነት መሻሻሉን ያመለክታል» የሚል መደምደሚያ በስተመጨረሻ ተቀምጦ አገኘሁ። ተሳስተው ይሆናል ብዬ እየሮጥኩ ቢሮዎ ስመጣ፣ በገዛ እጅዎ ውሃ ቀድተው ሰጡኝና፣ የካርድ ቁጥር የሌለው ሰው መረጃ እንደማይባል፣ ከበላይም ዘንድሮ መልካም ዜና እንደሚጠበቅ በአባትነት መንፈስ አስረዱኝ። «ልጄ፣ እኛ ድንጋይ አንቆጥርም» አሉኝ። ስለ ውሃው አመሰግናለሁ። እኔ የዋሂት ግን ሰሌዳው ላይ የጻፉትን ረስተውት ነው ብዬ በማግስቱ ደብተሬን ላመጣልዎ አስቤ ነበር።

፫ኛ. ከወር በኋላ ጤና ጣቢያው በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ የከሰዓቱ ክትትል «በጥናት ላይ በተመሠረተ ውሳኔ» ተዘግቷል። ጥናቱ የእኔ ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስሜ ከነማዕረጉ ሰፍሮ፣ ለትጋቴ ምስጋና ቀርቦልኛል።

አራተኛውን በቁጥር ማስቀመጥ አቃተኝ። ያሳደገችኝ አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ደም ግፊትም አለባት። ወረፋ ስትጠብቅ እጇ እንዳይፈታ የሰው እጅጌ ትዘመዝማለች። ሰዉ መጀመሪያ ደብተሬን ሲያይ ይሸሽ ነበር፤ የሆነ ቢሮ የላከኝ ሰላይ መሰልኳቸው። አክስቴ ናት ከወንበሯ ሳትነሳ «የኛው ልጅ ናት፤ ሳትፈሩ ንገሯት፤ ለናንተው ነው» ያለቻቸው። በሷ ቃል ነገሩኝ። አንድ አናጢ አራት ጊዜ መጥቶ አራት ጊዜ ሳይታይ እንደተመለሰ፣ ለሚስቱ ግን ታክሜያለሁ እያለ እንደሚዋሽ ነገረኝ። አትክልት የምትሸጥ ሴት ደግሞ «አንቺ ይሄን ስትጽፊው ነርስ ይጨምሩልናል?» ብላ ጠየቀችኝ። ከግምት ሁሉ ጎን የስሕተቱን ልክ ማስቀመጥ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ያን ቀን ግን «ምናልባት» እንኳን ሳልል «አዎ» አልኳት። ይህን ያህል ነበር የማምንዎ።

አሁን አትክልት ሻጯ አክስቴን ስታይ መንገድ ትሻገራለች። አናጢው የሰጣትን ሱሪ ሳይሰፋ መልሶ ወሰደ። አክስቴ ግን አንድም ቀን አልወቀሰችኝም፤ ባለፈው ሰሞን መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ስታስገባ፣ ቀና ሳትል «እኛ የነገርንሽን ነው የጻፍሽው?» ብቻ አለችኝ። ወጥቼ ደጅ ላይ አለቀስኩ። ክቡር ሆይ፣ ከድተውኛል። ይህን በጨዋ ቋንቋ የምልበት ሌላ መንገድ ብፈልግ አጣሁ። እርስዎ እኔን መክዳትዎ ሳያንስ፣ እኔን ደግሞ በነሱ ፊት ከዳተኛ አደረጉኝ፤ ይሄኛው ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ስለዚህ ምዕራፍ አራትን ለመመለስ ጊዜ ካጡ አይቸገሩ። ጠረጴዛዬን ከፎቶ ኮፒው ማሽን አጠገብ ማድረግዎ ትልቅ ውለታ ሆኖ፣ ምዕራፉን አርባ ቅጂ አባዝቼ አንዱን ጤና ጣቢያው በር ላይ፣ ከማስታወቂያው ጎን ለጥፌዋለሁ። ሙጫውን የያዘችልኝ አክስቴ ናት። አትክልት ሻጯ ቆማ እስከ መጨረሻው አነበበችው። የቀረውን የዚህ ደብዳቤ ግልባጭ ለሚደርሳቸው ቢሮዎች ሁሉ አብሬ ልኬአለሁ። የመሳቢያዬን ቁልፍ ለጸሐፊዎ አስረክቤያለሁና፣ ስሜን ከምስጋናው ገጽ እንዲያነሱልኝ ብቻ በትሕትና እለምናለሁ።

ባስተማሩኝ ጸንቼ፣ ካስተማሩኝ ሰው ግን ተሰናብቼ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣
የቀድሞዋ ጀማሪ ተመራማሪዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የደም ግፊትዎን ነገር እንዳልረሳ። ሥራዬን ሊጎበኙ ጤና ጣቢያው የመጡ ዕለት ራስዎን እያመመዎት ስለነበር፣ እግረ መንገድዎን ይለኩ ዘንድ ያነበቡትን ጋዜጣ አጥፈው ከአንድ ጀሪካን ኋላ ተራ አስያዙ፤ አሥራ ሰባት ደቂቃ አጠገቤ ተቀምጠው ሰዓትዎን አዩና ሄዱ። ደብተሬ ላይ ሁለት መቶ አሥራ ሁለተኛው ሰው ነዎት፤ «ወንድ፣ ጎልማሳ፣ ከረባት ያሰረ፣ ካርድ ሳያወጣ የተመለሰ»። በተቋምዎ ስሌት መሠረት ድነዋልና እንኳን እግዚአብሔር ማረዎት። ጋዜጣዎን አክስቴ አስቀምጣልዎታለች፤ ያን ቀን ተራዎ ሲደርስ ሁለት ጊዜ ተጣርታ ነበር።