ካርታው ላይ የሌለው ገመድ

መጋቢት 15

ዛሬም ነጥብና መስመር ስስል ዋልኩ። ትራንስፎርመሩ ነጥብ፣ ሽቦው መስመር። ከዚያ አንዱን ነጥብ መሰረዝና ማየት... ስንት ሰፈር ጨለመ? ለማስተርስ ጥናቴ የጀመርኩት ነገር ነው፤ አሁን መሥሪያ ቤቱም ፈለገው። ከሸዋል ዒድ በፊት ጀጎል ውስጥ የቱ ጋ እንደሚያሰጋ ንገሪን አሉኝ። እንግዳው ይበዛል፣ መብራቱም።

የሚያሰጋው ጀጎል በር ላይ ያለው ትራንስፎርመር ነው። እሱን ስሰርዘው ግማሽ ጀጎል ከስክሪኑ ጠፋ። አርጅቷል፣ ዘይት ያንጠባጥባል።

ለእንደሻው ነገርኩት። ራቱን እየበላ ሳቀብኝ። «አንቺ በጣትሽ ትሰርዢዋለሽ፣ ፖሉ ላይ የምወጣው እኔ!» የመስመር ሠራተኛ ያገባ ሰው ጥናቱ እንዲህ ነው።

መጋቢት 17

አለቃችን አቶ ኒቆዲሞስ ተቀበሉት። ትራንስፎርመሩ በ25 ይቀየራል። የላይኛው ሰፈር መስመር ቀኑን ሙሉ ይጠፋል፣ የታችኛው ሰፈር መስመር እንደበራ ይውላል።

«ሁለቱ አይገናኙም አይደል?» አሉኝ።

አይገናኙም አልኩ። ሥዕሌ ላይ አይገናኙም። የሚወጣው እንደሻው ነው። ማታ ሥዕሉን ደግሜ ከፍቼ አየሁት። ለምን?

መጋቢት 18

አብሮ አደጌን ዐዚዛን ልጠይቅ ጀጎል ገባሁ። እሷ በረመዳን፣ እኔ በሁዳዴ... ሁለት ጾመኛ፣ ወሬ ብቻ። አባቷ አው ዐብዱልመጂድ ሳንባቸው ደክሟል፤ ያለ ኦክስጅን ማሽን መተንፈስ ይከብዳቸዋል። በ25 መብራት ሲጠፋ ምን ልትሆኑ ነው አልኳት።

«አቦ አትጨነቂ! ከጎረቤታችን ከእነሱሀይላ እንቀበላለን።»

በግንቡ ላይ የተንጠለጠለ ገመድ አሳየችኝ። በሁለቱም ጫፉ ስፒና አለው። አንዱ እነሱሀይላ ቤት፣ ሌላው እዚህ ሶኬት ላይ ሲሰካ ቤቱ በሙሉ ይበራል። እነሱሀይላ ደግሞ በታችኛው መስመር ላይ ናቸው።

«መጀመሪያ ብሬከራችሁን ታጠፊያለሽ?»

«ስረሳው ቦግ ይልና የሱሀይላ ብሬከር ይወርዳል። ያኔ ትዝ ይለኛል፣ ወላሂ!» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። ያ ቦግ ያለው ወዴት ይሄዳል? በሽቦው ወደ ኋላ፣ ወደ ፖሉ... ወደ እንደሻው እጅ።

ስወጣ ቀና ብዬ እያየሁ ሄድኩ። በየግንቡ ገመድ አለ። ጨውና በርበሬ የሚበዳደር ጎረቤት መብራት ይከለክላል? ያልሳልኩት እኔ ነኝ።

መጋቢት 19

ለአቶ ኒቆዲሞስ ነገርኳቸው። «ሕገ ወጥ ነው፣ ሁሉም ይቆረጥ!» ታማሚውስ? «ሆስፒታል ይውሰዷቸው።» ዐዚዛ ስደውልላት አለቀሰች። አባቷ ከቤቴ አልወጣም ብለዋል።

እንደሻው ጭራሽ ያጽናናኛል። «ሳልመረምር ሽቦ አልነካም፣ ልድዬ። ሥራዬ እኮ ነው።» ባለፈው ፖል ላይ የሞተው ጓደኛውም እንዲሁ ይል ነበር።

ማንን ልምረጥ? ባሌን ወይስ የሰው አባት? እንዲህ ብዬ መጻፌ ራሱ አስፈራኝ።

መጋቢት 22

ዒድ ትናንት አለፈ። መላውን ያመጣችው ዐዚዛ ናት። የሴቶቹ አፎቻ፣ እንደ ዕድር ያለው ማኅበራቸው! ለሠርግም ለለቅሶም ቤት ለቤት የሚጠሩት እነሱ ናቸው። በ25 ጠዋት «ብሬከር አጥፉ፣ ገመድ ንቀሉ» ብለው ይዞራሉ። የአባቷ ማሽን ብቻ በሌላ ገመድ ከእነሱሀይላ ቤት በቀጥታ ይሠራል፣ ከቤቱ ሶኬት ጋር ሳይነካካ።

አቶ ኒቆዲሞስ ተስማሙ። «አንድ ቤት ቢረሳስ?» አሉኝ።

መጋቢት 25

ዛሬ የሆነውን ሳልተኛ ልጻፈው።

እንደሻው ወጣ፣ መረመረ፣ ሽቦው ሙት ነው አለ። ከሥር ቆሜ ወደ ላይ ሳይ አንገቴ ደነዘዘ። ስልኬ ጮኸ።

«ልደት! ማሽኑ ቆመ! ሱሀይላ ቤቷ የለችም፣ መብራቷ ጠፍቷል! የእነሀፊዝ ገመድ አለ፣ ሶኬቱ ላይ ልሰካው?»

ጎረቤቶቹ እነሀፊዝም በታችኛው መስመር ላይ ናቸው። ገመዱ ባለሁለት ስፒናው ነው፣ ማሽኑ በቀጥታ አይሰካበትም።

«ብሬከርሽ ጠፍቷል?»

«እንጃ... አጥፍቻለሁ መሰለኝ... ኧረ እንጃ!»

ቀና አልኩ። እጁ ሽቦው ላይ ነው።

«አትሰኪ!» አልኳት። ከዚያ «እንደሻው ውረድ! ውረድ!» እያልኩ ጮህኩ። ሲወርድ ያን ያህል ይዘገያል እንዴ? እግሩ መሬት ሲነካ «አሁን ሰኪ!» አልኩ።

አው ዐብዱልመጂድ ተርፈዋል። ከንፈራቸው ግን ጠቁሮ ነበር አለችኝ።

ሱሀይላ ማሽኑን ረስታ አይደለም፣ ገመዱ ከዋናው መስመር የሚቀጥል መስሏት ነው። «ጎረቤቴ በጨለማ ተቀምጦ እኔ መብራት ላበራ?» ብላ ብሬከሯን አጥፍታ ገበያ ወጣች። አሁን ሱሀይላ እነዐዚዛ ደጅ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች።

የዐዚዛ ብሬከርስ? ጠፍቶ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ። ብትሰካ ኖሮ እንደሻውን ምንም አይነካውም ነበር... እኔ ግን አትሰኪ ብያለሁ። መርጫለሁ።

መጋቢት 29

ሸዋል ዒድ። ጀጎል በመብራት ደምቋል፣ አዲሱ ትራንስፎርመር ችሎታል። ሥዕሌን እንደ አዲስ ጀምሬያለሁ፣ የጎረቤት ገመዶችንም ጨምሬ። አቶ ኒቆዲሞስ ይቆረጥ ማለቱን ትተው፣ ለየቤቱ ኃይል ወደ ፖሉ የማይመልስ ማብሪያ ይገጠም ብለው ጽፈዋል።

እነዐዚዛ ቤት ለመሄድ ድፍረት አጥቼ ከረምኩ። ዛሬ ሄድኩ። አባቷን ከማየቴ በፊት በሩ ላይ ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር አቋረጠችኝ።

«አትሰኪ ስትይኝ አልሰማሁሽም እኮ። ስልኩን ጥዬ ልሰካ ነበር። ‹አሁን ሰኪ› ብለሽ ስትጮኺ እስክሰማ እጄን የያዘኝ አባ ነው። ትንፋሹ እየተቆረጠ... ‹ሰው ፖል ላይ አለ› አለኝ።»

ገባሁ። አው ዐብዱልመጂድ ተደግፈው ተቀምጠዋል፣ ማሽኑ ያጉረመርማል። ጉልበታቸውን ስሜ ቀና ስል ፈገግ አሉ።

«ባልሽ ደህና ነው?» አሉኝ።

ደህና ነው አባባ አልኩ።