ለደህንነታችን ሲባል ስለተዘጋው የወይዘሮ ቀለሟ የፊደል ገበታ

ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.
ጎባ

ለተከበሩ አቶ በእውቀቱ፣
የማዕከላችን የኮምፒዩተር ክፍል ኃላፊ

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። የሰሞኑ የጎባ ብርድ ለማንም አይመለስም፤ የእርስዎ ቢሮ ማሞቂያ ስላለው ግን በመልካም ጤንነት ላይ እንደሚገኙ አምናለሁ። ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ባለፈው ወር መጨረሻ ላሻሻሏቸው ስድስት ኮምፒዩተሮች ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ።

ስሜ ሀይማኖት ነው። በአዳራሹ ውስጥ በመስኮቱ በኩል፣ ከወይዘሮ ቀለሟ አጠገብ የምቀመጠዋ ልጅ እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በአጠገቤ ሲያልፉ ራሴን ዝቅ አድርጌ ሰላምታ አቅርቤልዎታለሁ፤ ድምፅ ስላልነበረው ላያስታውሱት ይችላሉ። ፊት ለፊት ቆሜ መናገር ስለማልችልበት ጉዳዬን ጽፌ ከማስታወቂያዎ ጎን መለጠፍን መረጥኩ። ትምህርቴን ከአስረኛ ክፍል ያቆምኩ ነኝና የአጻጻፍ ስህተት ካገኙብኝ ይቅርታዎን እለምናለሁ። የነገር ስህተት ካገኙብኝ ደግሞ ከግርጌው ባዶ ቦታ ትቻለሁ፤ እዚያው ቢያርሙኝ ደስ ይለኛል።

ሌሎች አንባቢዎች ግራ እንዳይጋቡ ነገሩን ከመነሻው ልናገር። ወይዘሮ ቀለሟ በፍርድ ቤቱ ደጃፍ ሃያ ሁለት ዓመት ማመልከቻ ሲጽፉ ኖረዋል። ከሦስት ዓመት በፊት ስትሮክ መታቸውና ቀኝ እጃቸውና ንግግራቸው ሄደ፤ ሐሳባቸውና ግራ እጃቸው ቀሩላቸው። በዚያን ጊዜ የዚህ የማመልከቻ መጻፊያ ማዕከል ቴክኒሻን የነበረው ኤልዳድ በአንድ ኮምፒዩተር ስክሪን ላይ ትልልቅ ፊደላት ያሉበት ገበታ አዘጋጀላቸው። በአንዱ ገጽ የአማርኛው ፊደል፣ በሌላው የኦሮምኛው ቁቤ አለ። በግራ እጃቸው ማውሱን ገፋ እያደረጉ አንዷን ፊደል ሲጫኑ ፊደሏ ማመልከቻው ላይ ትወርዳለች። ባለጉዳዩ ይናገራል፣ እሳቸው ይጽፋሉ፣ የሚጠይቁት ሲኖርም እዚያው ጽፈው ያሳዩታል። ማንበብ ለማይችል ሰው እኔ አነብለታለሁ። የራሴን ቃል ማውጣት ቢከብደኝም የእሳቸውን ማንበብ ከብዶኝ አያውቅም። ያ ገበታ እንግዲህ መተዳደሪያቸው ብቻ ሳይሆን አንደበታቸውም ነበር።

ከዚህ በኋላ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ማስታወቂያው። ጥቅምት 24 ቀን ጠዋት ስንገባ «ለተሻለ ደህንነት ሲባል ኮምፒዩተሮቹ በሙሉ ወደ አዲሱ ሥርዓት ተሻሽለዋል» የሚል ወረቀት በሩ ላይ አገኘን። ስላሳወቁን እጅግ እናመሰግናለን። ሥራው ካለቀ በኋላ ማሳወቅ፣ ማንም ሰው አስቀድሞ ጥያቄ በመጠየቅ እንዳያደክምዎ የሚያደርግ ብልህ አሠራር መሆኑን ተረድተናል።

2ኛ. ስለ ደህንነታችን። ኤልዳድ አሁን አዳማ ነው፤ ነገሩ ምን እንደሆነ በስልክ ጽፎ አስረድቶኛል። ፕሮግራሞች መስኮታቸውን ስክሪን ላይ የሚያሳዩት ከሥር ባለ አንድ አሠራር በኩል ነው። አሮጌው ኤክስ ይባላል፣ አዲሱ ዌይላንድ። በአሮጌው፣ አንዱ ፕሮግራም ሌላው የሚጽፈውን ማየትም ሆነ በሌላው ላይ መጻፍ ይችል ነበር። በአዲሱ እያንዳንዱ ፕሮግራም በየክፍሉ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። ይህ መልካም ነገር መሆኑን ያለ አንዳች ሽሙጥ እመሰክራለሁ፤ የሰው ፍቺና የመሬት ክርክር የሚጻፍበት ማሽን ምስጢር ሊጠብቅ ይገባዋል። የወይዘሮ ቀለሟ ገበታ ግን እሱም ፕሮግራም ነው፤ የተፈጠረውም በሌላው ላይ ሊጽፍ ነው። እስከ ባለፈው ወር ድረስ ኮምፒዩተሩ ሲከፈት አሮጌውን መምረጥ ይቻል ስለነበር ችግር አልነበረም። በእርስዎ ማሻሻያ ምርጫው ራሱ ተነሣ። በዚህም አዲሱ ሥርዓት ገና በመጀመሪያው ቀን በአዳራሻችን ተደብቆ የኖረውን አደገኛ ሌባ ለመያዝ በቃ። ሌባው ቀኝ እጃቸው የማይታዘዝላቸው የስልሳ አንድ ዓመት ሴት ሆነው ተገኙ። ከዚህ በፊት ከአዳራሹ የጠፉት ሁለት ማውሶችና አንድ የግድግዳ ሰዓት ናቸው፤ በየትኛው መስኮት እንደወጡ ግን እስካሁን አልተጣራም።

3ኛ. ስለ ሕክምናው። የዚያን ቀን ጠዋት ወይዘሮ ቀለሟ «ለ»ን ተጫኑ፤ ምንም አልመጣም። ደግመው ተጫኑ። ከዚያ ማውሱን ለቀው ግራ እጃቸውን አገላብጠው አዩት፣ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አጠፉ፣ ዘረጉ። እኔ የማውሱ ቀስት ስክሪኑ ላይ በደንብ ስትሄድ አይቻለሁ፣ ችግሩ የማሽኑ ሊሆን እንደሚችልም ጠርጥሬያለሁ። ነገር ግን ዙሪያውን ሰው ስለተሰበሰበ ዝም አልኩ። ለዚህ ጥፋት እርስዎን አልከስም፣ የራሴ ነው። ሰዎቹ «በሽታው ተመለሰባቸው፣ ተመለሰባቸው» እያሉ ደግፈው ወደ ሆስፒታል ወሰዷቸው። እዚያ ወረፋ ስንጠብቅ ወይዘሮ ቀለሟ በካርዳቸው ጀርባ ላይ በተንጋደደ ጽሕፈት «ግራውም ሄደ?» ብለው ጽፈው ሰጡኝ። ሐኪሙ እጁን ሰጥቷቸው ይጨብጡኝ አለ፤ ጨበጡት። «እማማ፣ ይልቀቁኝ እንጂ፣ ከሰዓትም በሽተኛ አለብኝ» አለና ሳቀ። እጃቸው ምንም አልሆነም። ማሻሻያዎ ያለ ቀጠሮ ሙሉ ምርመራ ስላስገኘላቸው ልባዊ ምስጋናችን ይድረስዎ።

4ኛ. ስለ ሰጡን አማራጮች። አዲሱ ሥርዓት የራሱ የስክሪን ገበታ እንዳለው ነግረውናል። ከፍተን አይተነዋል። ቁቤውን ይጽፋል፤ የአማርኛውን ፊደል ግን አያውቀውም፣ ቁልፎቹም በአንድ እጅ ተንቀጥቅጦ ለሚፈልግ ሰው እንደ ምስር ያነሱ ናቸው። ሁለተኛው አማራጭዎ «ልጅቷ ትጻፍላቸዋ» የሚል ነበር። ለጣሉብኝ እምነት አመሰግናለሁ። ነገር ግን ወይዘሮ ቀለሟ ሐሳባቸውን ለእኔ የሚነግሩኝ በዚያው በተዘጋው ገበታ ነበር።

እርስዎ ይህን ሲናገሩ ከሲናና ወረዳ የመጡት ገበሬ ኦቦ አብዶ አጠገባችን ነበሩ። የጎረቤታቸው ትራክተር ድንበር አልፎ ስንዴያቸውን ስላረሰው የሚጻፍላቸው ማመልከቻ ግማሹ ላይ ቆሞባቸዋል። «ይሄ ማሽን ከአዴ ቀለሟ ጋር ተጣልቷል እንዴ?» ብለው ጠየቁዎት። እርስዎም የደህንነት ጉዳይ መሆኑን በትዕግሥት አስረዷቸው። «ወላሂ እኔ ሌባ ብሆን የሳቸውን ፊደል ምን ላደርገው እሰርቃለሁ? ያንተን ጃኬት ነበር የምወስደው» አሉ። ሰው ሲስቅ እርስዎ «ኦቦ አብዶ፣ ቴክኖሎጂ ወደፊት እንጂ ወደኋላ አይሄድም» አሏቸው። «ይሂድ፣ ማን ያዘው? ተሳፋሪውን ቆጥሮ ይነሣ እንጂ» አሉና ወረቀታቸውን አጣጥፈው ወጡ። ስብሰባ ስለነበረብዎት መልስ ሳይሰጧቸው ሄዱ፤ መልሱን አሁንም እየጠበቅን ነው።

5ኛ. ስለ ጠረጴዛው። ኅዳር 5 ቀን የጻፉት ደብዳቤ ደርሶናል። እስከ ኅዳር 30 ድረስ ባለጉዳይ ያላስተናገደ ጠረጴዛ ለሌላ ተጠቃሚ እንደሚሰጥ ይገልጻል። ወይዘሮ ቀለሟ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብበው በቦርሳቸው ከተቱት፤ በማግሥቱም እንደ ወትሯቸው በሁለት ሰዓት ተኩል መጥተው ከማይጽፈው ገበታ ፊት ተቀመጡ። አፋቸውን ከዘጉባቸው በኋላ ዝም ያሉባቸውን ቀናት ሳይታክቱ በመመዝገብዎ ለሥራ ያለዎት ትጋት አስደንቆናል።

6ኛ. ስለ ራስዎ ኮምፒዩተር። ስድስቱ የአዳራሹ ኮምፒዩተሮች ሲሻሻሉ በቢሮዎ ያለው ሰባተኛው በአሮጌው ሥርዓት መቅረቱን ሰምተናል። ምክንያቱም አዲሱ ከፕሪንተርዎ ጋር ስላልተስማማ ነው ተብሏል። ሐዘንዎን እንካፈላለን። አንድ ሰው የለመደው ዕቃ በአንድ ጠዋት አልሠራ ሲለው ምን እንደሚሰማው በማዕከሉ ውስጥ ከእርስዎ የተሻለ የሚረዳ እንደሌለ በማወቃችንም ተጽናንተናል።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። አምስቱ ኮምፒዩተሮች ወደፊት ይሂዱ፣ መንገዱ ይቅናቸው። በመስኮቱ በኩል ያለው አንዱ ብቻ፣ ለፕሪንተርዎ ያሳዩት ርኅራኄ ለወይዘሮ ቀለሟም ተደርጎላቸው ወደ አሮጌው ይመለስ። አዲሱ ሥርዓት እንዲህ ላለው ገበታ ሕጋዊ በር ሲያበጅለትና በሩ በአማርኛም ሲከፈት፣ ማሻሻያውን ራሴ እጠይቅዎታለሁ። ኤልዳድ ሥራው ከግማሽ ቀን እንደማይበልጥ ነግሮኛል፤ ከኅዳር 30 በፊት ደግሞ ግማሽ ቀን አይጠፋም።

ጊዜዎን በማባከኔ እያፈርኩ፣ ስለ ደህንነቴ ሲሉ የሚያጡትን እንቅልፍም እያሰብኩ፣ በአዳራሽዎ ውስጥ በጸጥታዋ ተወዳዳሪ የሌላት ተገልጋይዎ፣

ሀይማኖት
ከመስኮቱ አጠገብ

ግልባጭ፦
ይህን ሥርዓት በውጭ አገር ለሚሠሩት፣ አድራሻቸውን ለማላውቃቸው ባለሙያዎች። በር መዝጋታችሁን አልተቃወምኩም፤ ከመዝጋታችሁ በፊት ውጭ የቀረ ሰው መኖሩን ታዩልን ዘንድ ግን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በእርሳስ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የተየቡት ግን ወይዘሮ ቀለሟ ናቸው፤ ዛሬ እርስዎ ሮቤ ለስብሰባ በሄዱበት፣ በራስዎ ኮምፒዩተር፣ ኤልዳድ በፍላሽ በተወልን ገበታ፣ በግራ እጃቸው፣ ፊደል በፊደል። እዚህ መስመር ላይ ስንደርስ ከጀመርን አራተኛው ሰዓት እያለቀ ነው፤ ስብሰባው ስለረዘመልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ማን እንዳስገባን ቢጠይቁኝ አልናገርም፤ በዚህ በኩል ልምድ አለኝ። ፕሪንተርዎ ግሩም ነው። የኦቦ አብዶ ማመልከቻ ገና ስላላለቀ ሰኞ በሁለት ሰዓት ተኩል ከእሳቸው ጋር ሦስት ሆነን ስለምንመጣ፣ እባክዎ ወንበርዎን አስቀድመው ይልቀቁልን።