አባባ ልምምዳችንን ያዩ ዕለት
ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ዛሬ አባባን ወደ ልምምድ ይዣቸው ሄድኩ። የመካከለኛውን ዘመን ውጊያ በጨዋታ መልክ የሚያሳየው ቡድናችን ገና ጀማሪ ነው። ሎን ማውንቴን የሚባለው ተራራ አጠገብ ባለው ፓርክ ውስጥ በእንጨት ሰይፍ እንፋለማለን። አባባ በወታደርነት ጦርነት ያዩ ሰው ስለሆኑ ይስቁብኛል ብዬ ነበር። አልሳቁም፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አዩ። የተዋስኩት የራስ ቁር ሰፍቶኝ ዓይኔን ሲሸፍነው ተመትቼ ወደቅኩ። አባባ ብድግ አሉ። ፍልሚያው ሲያበቃ እንደሞተ ሰው የተጋደምነው ሁሉ ተነስተን እየሳቅን ስንጨባበጥ እሳቸው እንደቆሙ ነበሩ።

መኪና ውስጥ "አልወደዱትም እንዴ?" አልኳቸው።

"ሁሉም ተነሳ እኮ" አሉኝ። "እንዲህ ያለ ውጊያ አይቼ አላውቅም።"

ቤት ስንደርስ የሚመጣው ቅዳሜም ልምምድ ይኖር እንደሆነ ጠየቁኝ። የዚያን ቀን የሥራ ሺፍት አለኝ፤ የሚቀይረኝ ሰው መፈለግ ይኖርብኛል።